ከስንክሳሩ ማዶ ያለው ባሕር

ብዙዎቻችን እስክንድርያን የምናውቃት በጆሯችን ነው። ስንክሳር ሲነበብ የቤተ ክርስቲያኑን ዓምድ ተደግፎ ያደመጠ ልጅ «በእስክንድርያ አገር» የሚለውን ሐረግ እንደ ጎረቤት መንደር ስም ይለምደዋል። ማርቆስ የሰበከባት፣ አርዮስ የካደባት፣ አትናቴዎስ የተከራከረባትና የተሰደደባት ከተማ ናት። እኔም በልጅነቴ ዕጣን የምትሸት፣ ግድግዳዋ ሁሉ በቅዱሳን ሥዕል የተሸፈነ አገር አድርጌ ነበር የማስባት። ባሕር ይኖራታል፣ በባሕሩ ዳር ልጆች ይንቦጫረቃሉ፣ በቆሎ በከሰል ይጠበሳል ብዬ ለአፍታም አስቤ አላውቅም።

ግብፃውያን ግን እስክንድርያ ሲባል ቀድሞ የሚመጣላቸው ባሕሩ ነው። ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት የአገሪቱ ሁለተኛ ትልቅ ከተማ ብትሆንም ለካይሮ ሰው ከሁሉ በፊት ከሙቀት መሸሻ ናት። በነገሥታቱ ዘመን ፀሐይዋ ስትበረታ መንግሥቱ ራሱ ጓዙን ጠቅልሎ ከካይሮ ወደዚህ ይወርድ ነበር። ዛሬ የሚወርደው ሕዝቡ ነው።

የሚወርድበትን ወር ልብ እንበል። በሐምሌና በነሐሴ እኛ ጃንጥላ ዘርግተን ጭቃ እየዘለልን እንሄዳለን። የእስክንድርያ ሰው በእነዚሁ ወራት ጃንጥላውን አሸዋ ላይ ይተክላል። የእኛ ለዝናብ፣ የእሱ ለፀሐይ ነው። ይሁንና ሁለቱ ጃንጥላዎች የማይተዋወቁ አይደሉም፤ ለሺህ ዓመታት በጎጃምና በወሎ ተራሮች ላይ የወረደው የክረምት ዝናብ ጭቃችንን ተሸክሞ ክረምቱ ሲያልፍ ከዚያች ከተማ አጠገብ ሜድትራኒያን ባሕር ይገባ ነበር። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

ከተማዋን ለማወቅ ጥሩው መንገድ ኮርኒሽ የሚሉትን የባሕር ዳር ጎዳና መከተል ነው። በምዕራብ ከቃይትባይ ምሽግ ተነሥቶ፣ የምሥራቁን ወደብ እንደ ቀለበት ዞሮ፣ በምሥራቅ እስከ ሞንታዛ ቤተ መንግሥት ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል። በሐምሌ ዓርብ ጠዋት ከካይሮና ከአባይ ደልታ ከተሞች የተነሡ ባቡሮችና ሚኒባሶች ቤተሰቡን ከነድስቱ ያራግፉታል። አባት ሐብሐብ ያቅፋል፤ እናት ሌሊቱን ስትጠቀልል ያደረችውን የወይን ቅጠል ጥቅል ትሸከማለች፤ ልጆቹ በአየር የተሞላ ጎማ አንገታቸው ላይ አጥልቀው ቀድመው ይሮጣሉ። ብዙዎቹ ሴቶች ቀሚሳቸውንና ሻሻቸውን እንደለበሱ ነው ውኃው ውስጥ የሚገቡት፤ ማዕበሉ ሲመታቸው ተያይዘው ይጮኻሉ፤ ያ ጩኸት ከጃንጥላ ጃንጥላ ይሻገራል። ጃንጥላዎቹም ጫፍ ለጫፍ ስለሚነካኩ ከላይ ለሚያይ አሸዋው አንድ ባለ ብዙ ቀለም ምንጣፍ ይመስላል።

በመካከላቸው ነጋዴው ይመላለሳል። ፍሪስካ የሚሉት በማርና በለውዝ የተጣበቀ ስስ ብስኩት በመስታወት ሳጥን ተደርድሮ ይዞራል። ከዘራውን የተመረኮዘ ሽማግሌ ተርሙስ በሾጣጣ ወረቀት ይሸጣል፤ ተርሙስ ማለት የእኛው ግብጦ ነው፤ ጎጃም ውስጥ ምሬቱ እስኪወጣ ወንዝ ውስጥ ለቀናት የሚዘፈዘፈው ያው ፍሬ ነው። በእግረኛው መንገድ ዳር ደግሞ በቆሎ በከሰል ይጠበሳል። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው በዚያ ጭስ ፊት ሲቆም ባዕድ አገር መሆኑን ይረሳል። ጠዋት ፉል፣ ቀትር ላይ በቃሪያና በነጭ ሽንኩርት ተጠብሶ ዳቦ ውስጥ የሚገባው የእስክንድርያ ጉበት፣ ማታ ዓሣ ነው። ዓሣውን ለመብላት ወደ አንፉሺ ወይም ወደ ባሕሪ ሰፈር መሄድ ያስፈልጋል። በበረዶ ላይ ከተዘረጋው ራስዎ ይመርጣሉ፣ ይመዘንልዎታል፣ እንዴት እንዲሠራ እንደሚፈልጉ ይናገራሉ። በፉርሽካ ተለውሶ በጋለ ብረት ላይ የሚጠበሰው ዓሣ ቆዳው ሲከስል ሥጋው ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይቀራል። ፉርሽካ ለከብት መኖ ብቻ ነው ብሎ ያደገ ሰው እዚህ ሐሳቡን ይቀይራል።

የአንፉሺ ሰዎች ዛሬም የእንጨት ጀልባ ይሠራሉ። አነጋገራቸው ከካይሮው የተለየ ነው፤ «አዎ» ለማለት «አዩህ» ይላሉ፤ ሰውዬው «እጽፋለሁ» ሲል የካይሮ ጆሮ «እንጽፋለን» ብሎ ይሰማዋል። አንድ ሰው ራሱን ሲጠራ «እኛ» የሚመስልበት ከተማ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ ከከተማዋ ታሪክ ጋር የሚስማማ ነገር አለው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ራቆቲስ ከምትባል ትንሽ መንደር ፊት ለፊት የፋሮስን ደሴት አይቶ ከተማ እንዲቆረቆር አዘዘ። ከእርሱ በኋላ የመጡት በጥሊሞሳውያን ደሴቱንና የብሱን በድንጋይ ድልድይ አገናኙት፤ በድልድዩ ግራና ቀኝ አሸዋና ደለል ተከማችቶ ራሱ መሬት ሆነ። ዛሬ ያ መሬት ገበያ፣ መስጊድና የመኖሪያ ቤት ተሠርቶበታል። በደሴቱ ጫፍ የቆመው የፋሮስ መብራት ቤት ወደ 100 ሜትር ይደርስ ነበር፤ ከጥንቱ ዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ ነው። ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጨርሶ ጣለው፤ እ.ኤ.አ. በ1477 የማምሉኩ ሱልጣን ቃይትባይ በዚያው ቦታ ምሽጉን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1994 የባሕር ውስጥ አርኪዮሎጂስቶች ከምሽጉ ሥር ጠልቀው ሐውልቶችንና ግዙፍ ጥርብ ድንጋዮችን ሲያገኙ ዓለም ተደነቀ። የምሽጉ ሰገነት ላይ ቆሞ ወደ ውኃው ቁልቁል የሚያይ ሰው የሚያየው አረፋ ብቻ ነው፤ ከአረፋው በታች ግን የተኛው ያ መብራት ቤት ነው።

ከተማዋ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ዋና ከተማነቷን ለፉስጣጥ ከለቀቀች በኋላ ቀስ በቀስ አነሰች። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ሲደርስ ነዋሪዎቿ ከ10 ሺህ አይበልጡም ነበር። መልሶ ያስነሣት መሐመድ ዓሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1820 የተጠናቀቀው የማሕሙዲያ ቦይ የአባይን ውኃ ወደ እርሷ አመጣ፤ ቦዩን ሲቆፍሩ ብዙ ገበሬዎች ሞተዋል። ከዚያም ጥጥ መጣ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡቡን ጥጥ ከገበያ ሲያስወጣ የእስክንድርያ ነጋዴ ከበረ። ግሪኩ፣ ጣሊያኑ፣ ሶርያዊው፣ አይሁዱ፣ አርመኑ ጎረፉ።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ከማንበብ በራምል ትራም መሳፈር ይሻላል። የትራሙ አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው፤ በአፍሪካ ከእሱ የሚቀድም የለም። አሁን ዘመናዊ ቀላል ባቡር እንዲተካው ተወስኗል፤ መተካቱን አልቃወምም፤ የፌርማታዎቹን ስም ግን እንዳይነኩብኝ እማጸናለሁ። ስሞቹን ጮክ ብለው ያንብቧቸው፦ ካምፕ ሴዛር፣ ኢብራሂሚያ፣ ስፖርቲንግ፣ ክሊዮፓትራ፣ ሲዲ ጋብር፣ ቡልክሊ፣ ባኮስ፣ ዚዚኒያ፣ ሳን ስቴፋኖ። የሮማ ቄሣር፣ የጥንቷ ንግሥት፣ የሙስሊሞች ወሊይ፣ እንግሊዛዊ ሹም፣ ግሪካዊ ባለጸጋ በአንድ የብረት ሐዲድ ላይ ተሰልፈዋል። ማንም ተሰብስቦ እንዲህ ይሁን አላለም፤ ሰው ኖረ፣ ቦታው በስሙ ተጠራ፣ ትኬት ቆራጩ ጠራው፣ ቀረ።

ስለዚያ ዘመን የሚጻፈው ብዙው በናፍቆት የተነከረ ነው። ግሪካዊው ገጣሚ ኮንስታንቲኖስ ካቫፊ እዚህ እ.ኤ.አ. በ1863 ተወልዶ በ1933 ሞተ፤ ለ30 ዓመት በመስኖ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል፤ የኖረበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። ናጊብ ማሕፉዝ «ሚራማር» የተባለ ልብ ወለዱን በአንዲት የእስክንድርያ ፔንሲዮን ውስጥ አኖረው፤ የፊልም ሠሪው ዩሱፍ ሻሂን የልጅነቱን ከተማ በስሟ ጠርቶ ፊልም ሠራላት። እነዚህን ሥራዎች እወዳለሁ። ነገር ግን የናፍቆቱ ተራኪ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሰው አለ፤ በዚያ የጥጥ ዘመን አረብኛ ብቻ የሚናገረው ግብፃዊ በገዛ ከተማው ተሸካሚ፣ ልብስ አጣቢ፣ በረኛ ነበር። የግብፅን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰይድ ዳርዊሽ የዚችው ከተማ የድሃ ሰፈር ልጅ ነው፤ ግንበኛ ሆኖ ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1923 በ31 ዓመቱ ሞተ። ገማል አብደል ናስርም ባኮስ ሰፈር ተወለደ። ንጉሥ ፋሩክ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 1952 ከራስ አል ቲን ቤተ መንግሥት በመርከብ አገሩን ለቆ ሄደ፤ ልክ በአራተኛ ዓመቱ፣ ሐምሌ 26 ቀን 1956፣ ናስር በመንሺያ አደባባይ ቆሞ የስዊዝን ቦይ የግብፅ ሕዝብ ንብረት መሆኑን አወጀ። የስዊዝ ጦርነት ተከተለ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የውጭ አገር ተወላጆቹ አብዛኞቹ ሄዱ።

ሲሄዱ ከተማዋ የሆነ ነገር አጣች፤ ይህን አልክድም። ግን በስታንሊ የባሕር ዳርቻ በደረጃ የተሠሩት የባለጸጎች የልብስ መቀየሪያ ክፍሎች አጠገብ ለመቅረብ የማይደፍር የነበረው የገበሬው ልጅ ዛሬ ቤተሰቡን ይዞ ውኃው ውስጥ መቆሙ ኪሳራ ነው ብሎ የሚነግረኝን ሰው አልቀበለውም። ቀሚሷን እንደለበሰች ማዕበሉን የምትጠብቀው የደልታ እናት ለእኔ የእስክንድርያ ትክክለኛ እንግዳ ናት።

ከእኛ ወገን ለሚሄድ ሰው የከተማዋ መስህብ ከሌላው ጎብኚ በዓይነቱ ይለያል። ሌላው አዲስ ነገር ለማየት ይሄዳል፤ እኛ የምናውቀውን ነገር ቦታውን ለማየት እንሄዳለን። ሰባው ሊቃናት መጽሐፍ ቅዱስን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርዕ መለሱ የሚባለው በዚህች ከተማ ነው፤ የግእዙ ብሉይ ኪዳን የተተረጎመውም ከዚያው ከጽርዑ ነው። የጾማችንንና የበዓላችንን ቀን የምናወጣበት ባሕረ ሐሳብ የተገለጠለት ድሜጥሮስ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ነበር። በዚህ ጋዜጣ ራስጌ ላይ የሚታተመው ዓመተ ምሕረት ከፈረንጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሚዘገየውም የጌታን ልደት በእስክንድርያ መነኮሳት ስሌት ስለምንቆጥር ነው። አንባቢዬ፣ ዛሬ ስንት ነው ብሎ በጠየቀ ቁጥር ከዚያች የባሕር ዳር ከተማ መልስ እየተቀበለ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን አንድ የድንጋይ ዓምድ ነው። በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ የሴራፒስ ቤተ ጣዖት በነበረበት ኮረብታ ላይ፣ ከአስዋን የመጣ ቀይ ድንጋይ ወደ 27 ሜትር ከፍታ ብቻውን ቆሟል። የፖምፔ ዓምድ ይሉታል፤ ከፖምፔ ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም። የተተከለው ለንጉሥ ዲዮቅልጥያኖስ ክብር ነው። ይህን ስም የማያውቅ ስንክሳር አድማጭ የለም፤ «ዲዮቅልጥያኖስ ከሐዲ» ሲባል የሰማዕታቱ መከራ መጀመሩን እናውቃለን፤ የግብፅ ክርስቲያኖች ዘመናቸውን የሚቆጥሩት እርሱ ከነገሠበት ከእ.ኤ.አ. 284 ጀምረው ነው፤ ዓመተ ሰማዕታት ይሉታል። ከተማዋን ከብቦ ድል ካደረገ በኋላ የተተከለው ዓምድ እርሱን ያከብራል ተብሎ ቆመ፤ ስሙ ከዓምዱ ጠፋ፤ በገደላቸው ሰዎች ገድል ውስጥ ግን በየዕለቱ ይጠራል። እዚያ ሥፍራ ላይ አስጎብኚው ስለ ድንጋዩ ክብደት ሲናገር ሐሳቤ ከልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን ዓምድ ጋር ነበር።

በአራተኛው ክፍለ ዘመን አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም ላከው፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ያልነው እርሱን ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ጳጳሶቻችን ከመንበረ ማርቆስ ይመጡ ነበር፤ ነገሥታቱ ወርቅና እጅ መንሻ የያዙ መልእክተኞችን በበረሃና በባሕር እየላኩ ጳጳስ ይለምኑ ነበር። መንበሩ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ካይሮ ቢዛወርም ስሙ የእስክንድርያ እንደሆነ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1951 አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ በ1959 ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ። በማርቆስ ስም የተሰየመው የእስክንድርያው ካቴድራል ዛሬም አለ። ሚያዝያ 1 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ እኛም እነርሱም ሆሳዕናን በምናከብርበት ዕለት፣ አጥፍቶ ጠፊ በሩ ላይ ቦምብ አፈንድቶ ምእመናንንና ፖሊሶችን ገደለ። ዘንባባ ይዞ የሄደ ሰው ሳይመለስ ቀረ። ስለ እስክንድርያ ስጽፍ ይህን አልፌ ስለ ዓሣና ስለ አሸዋ ብቻ ማውራት አልሆነልኝም፤ ስንክሳሩ አላለቀም።

እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተው አዲሱ ቤተ መጻሕፍት ባሕሩን ፊት ለፊት እያየ እንደ ዘመመ የፀሐይ ክብ ተቀምጧል። በውጭው የግራጫ ድንጋይ ግድግዳ ላይ ከዓለም ቋንቋዎች የተውጣጡ ፊደላት ተቀርጸዋል፤ የንባብ አዳራሹ ሁለት ሺህ ያህል አንባቢ ይይዛል። የጥንቱ ቤተ መጻሕፍት ሊቅ ኤራቶስቴንስ በአስዋንና በእስክንድርያ የሚወድቀውን የቀትር ጥላ አነጻጽሮ የመሬትን ዙሪያ ለክቷል። በዘመኑ ከአንድ ጥላ ይህን ያህል ማወቅ መቻሉ አሁንም ይገርመኛል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። እስክንድርያ ከሌሎች የባሕር ከተሞች የምትለየው ባሕሩ ለሁሉም የሚታይ በመሆኑ ነበር። ሥራ ያጣ ወጣት፣ የታጨች ልጅ፣ ጡረተኛ፣ ሁሉም በኮርኒሹ ዝቅተኛ ግንብ ላይ ተቀምጦ ያለ ምንም ክፍያ ማዕበል ይቆጥራል። የመዝናኛ ከተማ ዋናው ሀብቱ ሆቴሉ አይደለም፤ ይህ ግንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የማስፋፊያ ሥራ ጎዳናውን ወደ ባሕሩ ገፋው፤ የመኪናው መስመር ሰፋ፣ አሸዋው ጠበበ። በስታንሊ ወሽመጥ ላይ የተዘረጋው ባለ ማማ ድልድይ ዛሬ በየፖስት ካርዱ ላይ ይታያል፤ ማማዎቹ ያምራሉ። ግን ከሰፈር ወጥቶ ባሕሩ ጋ ለመድረስ የሚሻ ሕፃን አሁን የሚያቋርጠው ፈጣን አውራ ጎዳና ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ካፌው፣ ክበቡ፣ የመኪና ማቆሚያው ግንቡን ተከትሎ በዛ። በብዙ ቦታ የሚሄድ እግረኛ ባሕሩን የሚያየው በወንበሮችና በማስታወቂያ ሰሌዳዎች መካከል ነው። በነፃ የሚገባባቸው ዳርቻዎች አሉ፤ ጠባብና የተጨናነቁ ናቸው፤ በሌላው መግቢያ፣ ወንበርና ጃንጥላ ይከፈላል። ለባለ መኪናው ትንሽ ገንዘብ ነው፤ አምስት ልጆች ይዞ በሚኒባስ ለመጣው ሠራተኛ ግን የዕለቱን ምሳ ያህል ነው።

ባለጸጋው በበኩሉ ከተማዋን ትቶ ወደ ምዕራብ ሄዷል። መጀመሪያ ወደ አጋሚ፣ ከዚያ «ሳሕል» ወደሚሉት የሰሜን ጠረፍ፣ ወደ ማሪና፣ ወደ አዲሱ ዓለማይን። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ግብፅ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ለራስ አል ሒክማ ልማት የ35 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈራርማለች። በግንብና በዘበኛ የታጠረ ባሕር ዳር ገንዘብ ያመጣል፤ ስለ ኢኮኖሚው አልከራከርም። የምከራከረው «መዝናኛ» የሚለው ቃል ወደ «አጥር» እየተለወጠ ስለመሆኑ ነው። ቢሾፍቱ ሄዶ ከሆቴል ግቢ ሳያልፍ የሐይቁን ውኃ ለመንካት መንገድ የፈለገ ሰው የምለው ይገባዋል።

ሰው ባሕሩን በዚህ በኩል ሲያጥር ባሕሩ በዚያ በኩል ይመጣል። የእስክንድርያ ሰዎች ለክረምት ማዕበሎቻቸው ስም አላቸው፤ «ነዋ» ይሏቸዋል። በኅዳር የሚመጣው «መክነሳ»፣ መጥረጊያው ማለት ነው፤ መንገዱን ጠርጎ ስለሚሄድ። ከዚያ «ቃሲም» ይከተላል። በጥር 11 ግድም የሚነሣው «ጊጣስ» ነው፤ ጊጣስ ማለት ጥምቀት ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዓሣ አጥማጅ በዚህ ስም ይጠራዋል። እኛ ጃን ሜዳ ታቦት አጅበን በጠራ ሰማይ ሥር ስንዘምር እዚያ ጀልባዎች ከወደብ አይወጡም። ማዕበሉን በስሙ ማወቅ ለዘመናት በቂ ጥበቃ ነበር። አሁን አልበቃም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 የዘነበው ዝናብ ከተማዋን አጥለቅልቆ ሰዎችን ገደለ፤ አገረ ገዢው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ ጥናት እንደሚለው በአንድ ወቅት በዓመት አንድ ያህል የነበረው የሕንፃ መደርመስ ባለፉት አሥር ዓመታት በዓመት ወደ 40 ደርሷል። ምክንያቱ ከላይ አይታይም፤ ዳርቻው ሲሸረሸር ጨዋማው ውኃ ከመሬት በታች ወደ ከተማዋ ይሰርጋል፣ የመሠረቱን ብረት ይበላል፣ ከዓመታት በኋላ ቤቱ ቁጭ ይላል።

መጀመሪያ ላይ ያቆየሁት የጃንጥላው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ደልታው የተሠራው አባይ ባመጣው ደለል ነው፤ የደለሉ አብዛኛው ክፍል የእኛ ተራሮች አፈር ነው። ከከተማዋ በስተምሥራቅ በአቡ ቂር ወሽመጥ፣ ቶኒስ ሄራክሊዮን የምትባል ጥንታዊ የወደብ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 ከባሕር ሥር ተገኝታለች፤ የቆመችበት ለስላሳ የአባይ ጭቃ ሲከዳት ነው የሰጠመችው። የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ተጠናቀቀና ደለሉ ከኋላው ቀረ። ግብፅ ከጎርፍና ከረሃብ ተጠበቀች፤ መብራትም አገኘች። በባሕሩ ዳር ግን በራሺድ በኩል ያለው የአባይ አፍ ዳርቻ በማዕበል መበላቱ ተባባሰ። የእስክንድርያ መሬት በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ዕጣዋ ከደልታው ይለያል፤ የእርሷን አሸዋ በይበልጥ የጎዳው በዳርቻው የተገነባው ግንብና መንገድ ነው። ሁለቱን አለመቀላቀል ተገቢ ይመስለኛል፤ ሁሉን በግድብ ማሳበብ ለእኛም ለእነርሱም ወግ ሆኗልና።

አንድ ነገር ግን በቀጥታ ከክረምታችን ጋር የታሰረ ነበር፤ ሰርዲን። ጎርፉ ባሕሩ ውስጥ ሲገባ የያዘው ምግብ ጥቃቅን የባሕር ሕይወትን ያባዛ ነበር፤ ሰርዲኑ ያን ተከትሎ ይመጣል፤ ከመስከረም ጀምሮ የእስክንድርያና የራሺድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 18 ሺህ ቶን የነበረው የግብፅ የሰርዲን ምርት ግድቡ ውኃ መያዝ ከጀመረ በኋላ በ1968 ከአንድ ሺህ ቶን በታች ወረደ። ምርቱ በኋላ አገግሟል፤ ያነሣው ግን የኢትዮጵያ ጎርፍ ሳይሆን ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና የከተሞች ፍሳሽ ነው ይባላል። ጎጃም ላይ ዝናቡ ጥሩ በጣለበት ዓመት አንፉሺ ላይ ዓሣ ይረክስ የነበረ መሆኑን ሳስብ፣ ይህን ዝምድና የምናውቀው ከጠፋ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል።

መንግሥት በምሽጉ ዙሪያና በኮርኒሹ ጥግ ማዕበሉን የሚሰብሩ ግዙፍ የኮንክሪት ብሎኮች ደርድሯል። አንዱ በአንዱ ላይ ተዘባርቀው የወደቁ ስለሚመስሉ መጀመሪያ ሲያዩዋቸው ዓይን ይጎዳሉ። ማታ ላይ ግን ካፌዎቹ መብራታቸውን ሲያበሩ የከተማዋ ሰው በግንቡ ክፍተት ሾልኮ ይወርድባቸዋል። ረጅም የቀርከሃ ዘንግ የያዘ አባት በአንዱ ብሎክ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ የትል ጣሳ ይዞለት ከአጠገቡ፤ ሻይ በፔርሙዝ አለ። ክፍያ የሚጠይቃቸው የለም። ክሩ ጨለማው ውስጥ ገብቷል፤ ከሥራቸው ውኃው በብሎኮቹ መካከል እየገባ ይወጣል፤ ከባሕሩ ማዶ የምሽጉ መብራት ይታያል።